የጊዮርጊስን ጦር በስክሪን ላይ ለመሳል፦ ሸራውን ማጉላት፣ ማዞርና በመስታወት ማየት

ሚያዝያ 23 ሲቃረብ፣ በዲማም ሆነ በሌላው የጊዮርጊስ ደብር ሁሉ፣ በላፕቶፕ ወይም በስልክ መሳል የሚችል ወጣት ሥራ ይበዛበታል። የበዓሉን ፖስተር ሥራ፣ ባነሩንም ጨምር፣ ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈውንም እንዳትረሳ ይባላል። ሌሊቱን ሲስል ያድርና ጠዋት ማተሚያ ቤት ሄዶ ሲያየው የቅዱሱ አንድ ዓይን ከሌላው ከፍ ብሏል፣ ጦሩ ተንቀጥቅጧል፣ ፈረሱ ወደ ኋላ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። ብዙዎች ይህን በእጃቸው ያሳብባሉ። እኔ ካየኋቸው ሥራዎች አብዛኞቹ ላይ ግን እጁ ደህና ነው፤ የጎደለው አስተያየት ነው። ሠዓሊው ሌሊቱን ሙሉ ሥዕሉን ያየው በአንድ ርቀትና በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

በወረቀት የሚስል ሰው ሳይታወቀው ወረቀቱን ያዞራል፣ ቀና ብሎ ከሩቅ ያያል፣ ተመልሶ ይጠጋል። ላፕቶፕ ላይ እነዚህን ሁሉ ፕሮግራሙን ማዘዝ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ የተጻፈው ለክሪታ ተጠቃሚ ነው። ክሪታ በነጻ የሚገኝ፣ አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የሥዕል ፕሮግራም ነው። ኔትወርክ እንደ ልብ በማይገኝበት ገጠር ከዚህ የተሻለ ምርጫ አላውቅም። በፎቶሾፕና በስልክ ለምትስሉም ልዩነቱን በየቦታው እጠቅሳለሁ።

እንደ ምሳሌ የምንይዘው አንድ ሥራ ነው፦ በኤ3 ወረቀት የሚታተም የቅዱስ ጊዮርጊስ ፖስተር። ነጭ ፈረስ፣ በቀኝ እጅ የተያዘ ረጅም ጦር፣ ከሥር ዘንዶው፣ ከላይ ዛፉ ላይ ብሩታዊት፣ ከታች «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ጽሑፍ። ኤ3 በ300 ዲፒአይ ሲከፈት 3508 በ4961 ፒክስል ይሆናል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን «አቋራጩ አልሠራም» ከሚሉት ግማሾቹ የፖስተሩን ጽሑፍ በአማርኛ ጽፈው ኪቦርዱን ሳይመልሱ የቀሩ ናቸው ብል የተጋነነ አይሆንም።

ቀጥሎ በሴቲንግስ ሜኑ ውስጥ «ኮንፊገር ክሪታ» የሚለውን ክፈቱና ዲስፕሌይ ወደሚለው ክፍል ግቡ። ካንቫስ አክሰለሬሽን የሚለው መመረጡን እዩ። ይህ ሲበራ ሸራውን የማጉላቱንና የማዞሩን ሥራ ግራፊክስ ካርዱ ይረከባል፤ ሲጠፋ ግን ሸራው ይንቀራፈፋል፣ የዞረ መስመርም ጥርስ ያወጣል። እዚያው ያለውን የማሳያ ጥራት «ሃይ ኳሊቲ ፊልተሪንግ» ላይ አድርጉት። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሸራው ጥቁር ሆኖ ከቀረ እዚያው ገጽ ላይ ሬንደረሩን ወደ ሌላው አማራጭ (ዳይሬክት ስሪዲ ወይም ኦፕን ጂኤል) ቀይሩና ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱ። ያም ካልረዳ ብቻ አክሰለሬሽኑን አጥፉት።

የምትቀመጡበት ቦታም ዋጋ አለው። በደጋ ፀሐይ በረንዳ ላይ የሚሳል ሥዕል ስክሪኑ ላይ ጨለማ ስለሚመስል ሠዓሊው ቀለሙን እያነጣ ይሄዳል፤ ሲታተም የገረጣ ይወጣል። ወደ ቤት ግቡ፣ ስክሪኑን ከበሩ አዙሩ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ብዙ ላፕቶፖች ወደ ባትሪ ሲዞሩ የስክሪኑን ብርሃን በራሳቸው ይቀንሳሉ። ብርሃኑን ወደ ነበረበት ሳትመልሱ ስለ ቀለም ምንም አትወስኑ፤ መስመር ግን መሥራት ትችላላችሁ።

1. ዕይታውን ከሥዕሉ ለዩ

ከሁሉ በፊት መያዝ ያለበት ነገር ይህ ነው። «ቪው» በሚለው ሜኑ የምታደርጉት ማጉላት፣ ማዞርና መገልበጥ ሥዕሉን አይነካም፤ የሚለወጠው እናንተ የምታዩት ብቻ ነው። «ኢሜጅ» በሚለው ሜኑ ውስጥ ያሉት ተመሳሳይ ትእዛዞች ግን ሥዕሉን ራሱን ይለውጡታል።

ልዩነቱ ጉዳት የሚያመጣው በማዞር ላይ ነው። ጦሩን ለመሳል እንዲመቻችሁ በኢሜጅ ሜኑ ሥዕሉን 15 ዲግሪ ካዞራችሁት ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፒክስል እንደገና ያሰላል፤ የሸራው ስፋትም ይጨምራል። መልሳችሁ ስታዞሩት ደግሞ ሁለተኛ ያሰላል። ጥቁሩ የፊት መስመር በሁለቱ ጉዞ ይደበዝዛል፣ ጥራቱም ተመልሶ አይመጣም። በቪው ሜኑ ቀኑን ሙሉ ብታዞሩት ግን ሥዕሉ እንደነበረ ነው።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ስህተት አለ። የዕይታ ለውጥ በኮንትሮልና ዜድ አይመለስም፤ ፕሮግራሙ እንደ ሥራ አይቆጥረውም። ሸራው ሳይታሰብ የተጣመመባቸው ሰዎች ኮንትሮልና ዜድን እየደጋገሙ ይጫናሉ፤ ሸራው እንደተጣመመ ይቀራል፣ የሚጠፋው ቀድመው የሣሉት መስመር ነው። ሸራው ከተጣመመ መድኃኒቱ የቁጥር 5 ቁልፍ ነው፤ በፎቶሾፕ ደግሞ የማዞሪያውን መሣሪያ በአር ቁልፍ አንስቶ ኤስኬፕ መጫን።

2. በማጉላትና በሙሉ ገጽ መካከል ተመላለሱ

በክሪታ የቁጥር 1 ቁልፍ ሥዕሉን 100 በመቶ ያደርገዋል፤ አንድ የሥዕል ፒክስል በአንድ የስክሪን ፒክስል ልክ ይታያል ማለት ነው። ቁጥር 2 ሙሉውን ገጽ ያሳያል። ቁጥር 3 ወርዱን ከስክሪኑ ወርድ ጋር ያስተካክላል። በፎቶሾፕ ለሙሉ ገጽ ኮንትሮልና ዜሮ፣ ለ100 በመቶ ኮንትሮልና አንድ ነው። ከዚህ ውጪ በማውሱ ጎማ ማጉላትና ማሳነስ፣ የስፔስ ቁልፍን ይዞ በመጎተት ሸራውን ማንሸራተት ይቻላል። ብዕር የያዘ ሰው ኮንትሮልንና ስፔስን አንድ ላይ ይዞ ብዕሩን ቢጎትት ያጎላል፤ እጁ ከሥዕሉ ሳይነሳ።

አሁን ወደ ፖስተራችን። 1366 በ768 ፒክስል በሆነ የተለመደ ላፕቶፕ ላይ፣ ሜኑና መሣሪያዎቹ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ለሸራው የሚተርፈው ከፍታ ወደ 640 ፒክስል ነው። 4961 ፒክስል ቁመት ያለው ፖስተር እዚህ ውስጥ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ወደ 13 በመቶ ሲወርድ ነው። በ100 በመቶ ስትሠሩ በአንድ ጊዜ የምታዩት የፈረሱን ጆሮ ወይም የዘንዶውን አንድ ክርን ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ነው ዓይኖቹ የሚዘበራረቁት። አንዱን ዓይን በ400 በመቶ አሳምራችሁ ትስላላችሁ፤ ወደ ሌላው ትንሸራተታላችሁ፤ እሱም አምሮ ይሠራል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ግን የለም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ባህል ቅዱሳን ሁለቱም ዓይኖቻቸው እየታዩ፣ ክፉዎች በጎን ገጽ በአንድ ዓይን ስለሚሳሉ የቅዱሱ ሁለት ዓይኖች አለመስማማት ከሁሉ ቀድሞ የሚታይ ጉድለት ነው።

ልማዱን እንዲህ አድርጉት። ንድፉን፣ ማለትም የፈረሱን፣ የጦሩንና የዘንዶውን አጠቃላይ አቀማመጥ፣ በቁጥር 2 ዕይታ ብቻ ሥሩት። ልብስና ልጓም ስትደርሱ ወደ 50 በመቶ ግቡ። ከ100 በመቶ በላይ የምትሄዱት መስመር ለማጽዳት ብቻ ይሁን፤ አንድ ነገር በጨረሳችሁ ቁጥር ቁጥር 2ን ተጭናችሁ ሙሉውን እዩ። የሚያስደስታችሁን ያህል አጉልታችሁ የሳላችሁት የፈረስ ሽፋሽፍት በሙሉ ገጽ ካልታየ፣ ልፋቱን ለሌላ ነገር አውሉት።

እግረ መንገድ፦ በ33 ወይም በ67 በመቶ ስታዩ መስመር ሻካራ መስሎ ከታያችሁ ወደ እርማት አትሩጡ። መጀመሪያ በ50 ወይም በ100 በመቶ አረጋግጡ፤ ሸካራነቱ የማሳያው ብቻ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ብሩሽ የሚንቀራፈፍባችሁ ከሆነ ደግሞ ሺፍትና ኤል «ኢንስታንት ፕሪቪው» የሚባለውን ያበራል። አሳንሳችሁ ስትሠሩ ይረዳል፤ በ100 በመቶና ከዚያ በላይ ግን ለውጥ አትጠብቁ።

3. የሚታተመውን መጠን በወረቀት ለኩ

100 በመቶ ማለት «ሲታተም የሚኖረው መጠን» ማለት አይደለም። 15.6 ኢንች የሆነ 1366 በ768 ስክሪን በአንድ ኢንች ውስጥ ወደ 100 ፒክስል ያህል አለው። ፖስተራችን ግን በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ሆኖ ይታተማል። ስለዚህ በ100 በመቶ የምታዩት ከኅትመቱ ሦስት እጥፍ የተለቀ ነው፤ እውነተኛው መጠን የሚታየው በ33 በመቶ ገደማ ነው።

ስሌቱን ካልወደዳችሁት ኤ4 ወረቀት አንሱ። ፖስተሩ ኤ3 ስለሆነ አጭሩ ጎኑ 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከኤ4 ረጅም ጎን ጋር እኩል። ወረቀቱን አጋድማችሁ ስክሪኑ ላይ ያዙትና የሥዕሉ ወርድ ከወረቀቱ እስኪገጥም አጉሉ ወይም አሳንሱ። ከስክሪኑ ግርጌ ያለውን የመቶኛ ቁጥር ጻፉት፤ በእናንተ ላፕቶፕ የኅትመት ዕይታ እሱ ነው። ከዚያ ከወንበሩ ተነሱና ፖስተሩ ከሚሰቀልበት ግድግዳ ሰው የሚቆምበትን ያህል ራቁ። «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው ከዚያ ካልተነበበ አሁኑኑ አተልቁት። የጽሑፍ መጠን በ100 በመቶ እየታየ ሲወሰን ሁልጊዜ ያንሳል፤ በኔ ግምት ከሁሉ ጉድለት የበዛው ይህ ነው።

4. ጦሩን ለመሳል ሸራውን አዙሩ

እጅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይሄድም። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ የሚሄድ መስመር ይቀናዋል፤ ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ የሚወርደው ግን ይንቀጠቀጥበታል። የጊዮርጊስ ጦር ደግሞ ረጅም ሰያፍ መስመር ነው፤ ዘንዶው አፍ ድረስ ይወርዳል። መስመሩን ለእጃችሁ ወደሚቀናው አቅጣጫ ማምጣት እንጂ ከእጃችሁ ጋር መታገል አያስፈልግም።

የቁጥር 4 ቁልፍ ሸራውን ወደ ግራ፣ ቁጥር 6 ወደ ቀኝ በ15 ዲግሪ ያዞራል። እንደ ልብ ለማዞር ሺፍትንና ስፔስን ይዛችሁ ጎትቱ። ጦሩ ለእጃችሁ ምቹ በሆነ ማዕዘን ሲመጣ አቁሙና በአንድ ትንፋሽ፣ ከአንጓ ሳይሆን ከክርን እየተንቀሳቀሳችሁ፣ ሳቡት። ካልተዋጣ ኮንትሮልና ዜድ፣ እንደገና። እየቀጣጠሉ የተሠራ ጦር በኅትመት ላይ ቅጥሉ ሁሉ ይታያል። የፈረሱ የአንገት ቅስትና የዘንዶው ጥቅልልም እንዲሁ ናቸው፤ ጥቅልሉን በአንድ አቅጣጫ ለመጨረስ ከመሞከር በየዙሩ ሸራውን ማዞር ይሻላል።

ስክሪን የሌለው የሥዕል ታብሌት የምትጠቀሙ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ታብሌቱን ራሱን ጠረጴዛው ላይ አጣማችሁ አታስቀምጡ። ብዕሩ የሚያነበው የታብሌቱን ወርድና ቁመት ስለሆነ ታብሌቱ ሲጣመም ቀጥ አድርጋችሁ የሳባችሁት መስመር ስክሪኑ ላይ ተጣሞ ይወጣል። ታብሌቱ ከስክሪኑ ጋር ትይዩ ይቀመጥ፤ የሚዞረው ዕይታው ብቻ ይሁን። መስመሩ ሲያልቅ 5ን ተጫኑ። በተጣመመ ሸራ ላይ ፊት መሳል የቀጠለ ሰው ሸራው ሲቃና ቅዱሱ አንገቱን ሰብሮ ያገኘዋል።

5. በመስታወት እዩት፤ ግን ሦስቱን መስታወቶች አታምታቱ

ሥዕል ላይ ረጅም ሰዓት ያፈጠጠ ዓይን ጉድለቱን ይለምደዋል። የኤም ቁልፍ ሸራውን ግራ ቀኝ ገልብጦ ያሳያችኋል፤ የለመዳችሁት ሥዕል እንግዳ ይሆንና ከፍ ያለው ዓይን፣ የተጣመመው አፍንጫ፣ ወደ አንድ ጎን ያጋደለው ፈረስ ወዲያው ይታያል። በፎቶሾፕ አዳዲስ ዕትሞች ቪው ሜኑ ውስጥ «ፍሊፕ ሆሪዞንታል» በሚል ይገኛል። ንድፉ ሲያልቅ፣ ፊቱ ሲያልቅ፣ ቀለም ሲጀመር፣ በየመካከሉ ተጠቀሙበት። እርማቱንም ተገልብጦ እያለ መሥራት ይቻላል፤ መስመሩ ሥዕሉ ላይ ትክክለኛ ቦታውን ይይዛል።

ክሪታ ውስጥ ግን መስታወት የሚባሉ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ይህ የዕይታ መስታወት ነው። ሁለተኛው በኢሜጅ ሜኑ ያለው ነው፤ ሥዕሉን ለዘለቄታው ይገለብጠዋል፣ ጦሩም ወደ ግራ እጅ ያልፋል። ሦስተኛው ከላይ በመሣሪያ አሞሌው ላይ ያለው ነው፤ በአንድ ጎን የሳላችሁትን በሌላው ጎን አብሮ ይስላል። ለሐረግና ለመስቀል ግሩም መሣሪያ ነው። ሳይጠፋ ሲረሳ ግን ጊዮርጊስ ሁለት ጦር ይይዛል። ሸራው መሐል ላይ የቆመ መስመር ካያችሁ ሦስተኛው መብራቱን እወቁ።

የዕይታ መስታወቱ እንደበራ ተረስቶ የሚቀርበት ጊዜም አለ። ሥዕሉ ላይ ጽሑፍ ካለ ፊደሉ ይነግራችኋል፤ ግን በየትኛው ፊደል እንደምትታመኑ ምረጡ። በ፣ ሰ፣ ተ፣ መ ቢገለበጡም ያው መሳይ ናቸው። አደገኞቹ ሳ እና ባ ናቸው። ሳ ረጅም እግሩ በቀኝ ነው፤ በመስታወት ሲገለበጥ ሶ ይመስላል። ባም ቦ ይሆናል። ፊደሉን በእጃቸው የሚስሉ ሰዎች መስታወቱ እንደበራ «አደረሳችሁ» የሚለውን ሊያርሙ ይገቡና የተሳሳተውን እግር ያስረዝማሉ። መስታወቱን ሲያጠፉት «አደረሶችሁ» ሆኖ ይገኛል፤ ማተሚያ ቤት ደግሞ የሰጡትን ያትማል እንጂ አያርምም። ጽሑፍ ከመንካታችሁ በፊት ኤም መጥፋቱን አረጋግጡ።

6. ሙሉውን ሥዕል ሁልጊዜ ከጎናችሁ አኑሩ

ቁጥር 2ን መጫን የሚረሳው ሰው በሴቲንግስ ሜኑ ዶከርስ ከሚለው ውስጥ «ኦቨርቪው»ን ያብራ። ትንሿ መስኮት የፖስተሩን ሙሉ ምስል ይዛ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፤ የምትሠሩበት ቦታ በሳጥን ተከብቦ ይታያል። ሳጥኑን ብትጎትቱ ሸራው አብሮ ይሄዳል፤ ማጉያውም መስታወቱም እዚያው አሉ።

ከዚህ የሚበልጠው ሁለተኛ ዕይታ ነው። ዊንዶው ሜኑ ውስጥ «ኒው ቪው» ብላችሁ ያንኑ ፖስተር ምረጡ፤ አንድ ሥዕል በሁለት መስኮት ይከፈታል። በአንዱ አጉልታችሁ ስትስሉ ሌላው ሙሉውን ወይም የተገለበጠውን ያሳያል። ሁለቱን ጎን ለጎን ለማድረግ በኮንፊገር ክሪታ፣ ጀነራል ውስጥ የሰነዶች አከፋፈትን ከታብ ወደ «ሰብ ዊንዶውስ» መቀየር፣ ከዚያ ዊንዶው ሜኑ ላይ «ታይል» ማለት ነው። ስክሪኑ ትንሽ ከሆነ የታብ ቁልፍ መሣሪያዎቹን ሁሉ ደብቆ ሸራውን ብቻ ያስቀራል፤ ድጋሚ ስትጫኑት ይመልሳቸዋል። «ሁሉም ነገር ጠፋብኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የነካው ይህንኑ ቁልፍ ነው።

7. በስልክ ለምትስሉ

በአይቢስ ፔይንትና በመሰሎቹ ሁለት ጣት ማራራቅ ያጎላል፣ ሁለት ጣት ማዞር ሸራውን ያዞራል፤ መገልበጫው በዕይታ ሜኑ ውስጥ ነው። ስልክ ላይ ፈተናው ሸራው ሳይፈለግ መዞሩ ነው፤ ሁለት ዲግሪ ያህል ዞሮ ሳይታወቅ ይቀርና የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ዘሞ ይሳላል። ቀጥ ያለ ነገር ከመሳላችሁ በፊት ዕይታውን ወደ ዜሮ መልሱ። ስልክ ትንሽ ስለሆነም ሰው አብዝቶ ያጎላል፤ በክፍል 2 ያለው ለእናንተ ይበልጥ ይሠራል።

8. ከማስረከባችሁ በፊት

5ን ተጫኑ፣ ኤም መጥፋቱን እዩ፣ 2ን ተጫኑ። ከዚያ ኮንትሮልና ዋይ፤ ይህ ሥዕሉ በኅትመት ቀለም ሲሠራ ሊመስል የሚችለውን ያሳያል። የጎጃምን የነሐሴ መስክ ያህል ያበራችሁት አረንጓዴ እዚህ ላይ ሲደበዝዝ አትደንግጡ፤ የኅትመት ቀለም ስክሪን የሚያበራውን አረንጓዴ ሁሉ አይደርስበትም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዋይ የማይደረስባቸውን ቦታዎች ለይቶ ያመላክታል። እነሱን ትንሽ አጥቁሩ ወይም ወደ ቢጫ አስጠጉ፤ ስትጨርሱ ዕይታውን ማጥፋት አትርሱ፤ ሳይጠፋ ቀርቶ የደበዘዘውን ቀለም እያጠነከሩ ሥዕሉን ያበላሹ አሉ።

ፖስተሩን ደብረ ማርቆስ ወዳለ ማተሚያ ቤት በቴሌግራም የምትልኩት ከሆነ በፎቶ መልክ አትላኩት፤ ፎቶ ሲሆን ያሳንሰዋል። በፋይል መልክ ላኩት። አታሚው ሲከፍተው 3508 በ4961 መሆኑን እንዲያይላችሁ ጠይቁት፤ ከዚያ ያነሰ ቁጥር ካነበበላችሁ ሳይታተም እንደገና ላኩለት።